አሥራ አንድ ጣሳ ድንጋይ

ሰኞ 3

ይህ መዝገብ ጡረታ ስወጣ ከልብስ ፋብሪካው መቁረጫ ክፍል የተረፈ ነው። በየገጹ አናት «ርዝመት»፣ «ወርድ»፣ «ቆራጭ»፣ «ያረጋገጠው» የሚሉ ቃላት ታትመውበታል። «ቆራጭ» ከሚለው ሥር ሠላሳ አንድ ዓመት የፈረምኩት እኔ ነኝ። አርባ ድርብ ጨርቅ በአንድ ጊዜ እቆርጥ ነበር፤ አንድም እጅጌ አጠረ ተብሎ ተመልሶብኝ አያውቅም። ጉራ ነው የሚለኝ ካለ ይበል፤ የሚያነበው እንደሆነ የለም።

የሸኙኝ ዕለት የሰጡኝ የምስክር ወረቀት ሳሎን ተሰቅሏል። «ለቆራጭ ሠራተኛችን» ሊሉ ፈልገው «ለቆራጥ ሠራተኛችን» ብለው አትመውታል። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል። ተነሥቼ በሩን መክፈት ከሰነፍኩ፣ "ቆራጯ፣ ያ ቆራጥነትሽ የት ገባ?" ይለኛል።

አርብ የዓይን ሐኪም ዘንድ ነበርን። ግላኮማ ነው አለን። ቀኝ ዓይኑ ሄዷል፤ ግራው እየጠበበ ነው። ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። "ስንት ጊዜ አለው?" አልኩት። "ወራት። ከዚያ በላይ ቃል አልገባም" አለ። በኮሪደሩ ስንወጣ ባለቤቴ ክንዴን ይዞ፣ "ሠላሳ ዓመት ድንጋይ ለቅሜ የአንዱን ውስጥ እንኳ ሳላይ ልቀር ነው" አለኝ። ቀልድ አስመስሎ ነው ያለው። እኔ አልሳቅኩም።

የግሬደር ሹፌር ነበር። መንገድ ሲጠርግ ከምላጩ ሥር የሚወጣውን ድንቡልቡል ድንጋይ ኪሱን ሞልቶ ይመጣል። አጌት ነው፤ ከላዩ ድንች ይመስላል፣ ውስጡ ግን ቀለም በቀለም ነው ይላል። እንግዲህ እሱ ነው የሚለው፤ በዚህ ቤት ተቆርጦ ያየው የለም። አሥራ አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ሙሉ አለ። ስድስቱ አልጋ ሥር፣ አምስቱ በረንዳ ላይ። መጥረጊያዬ በነካቸው ቁጥር እነጫነጫለሁ፤ እሱ ደግሞ "አንድ ቀን አስቆርጣቸዋለሁ" ይላል።

እኔ እቆርጣቸዋለሁ። ለልጄ ቤቱን ላጸዳ ነው ብያታለሁ።

ረቡዕ 5

አፈርኩ። የሕንፃችን ምድር ቤት ሴራሚክ የሚያነጥፈው ሠራተኛ የሚቆርጥበትን ግራይንደር አዋሰኝ። "እማማ፣ ለእጅዎ ይጠንቀቁ" አለኝ። እማማ ማለቱን ይቅር ብዬዋለሁ፤ ራሴን ግን አልምርም። ኩሽና ውስጥ፣ በደረቁ፣ አፍንጫዬን እንኳ ሳልሸፍን ጀመርኩት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ቤቱ ጉም ለበሰ። ድንጋዩ ሲግል ልብስ ስተኩስ እንደለመድኩት ውሃ ረጨት አደረግሁበት። ጧ አለና ሦስት ቦታ ተሰነጠቀ።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ሳቁ አላስቆም አለው። ከፀጉሬ እስከ ጫማዬ ነጭ ሆኛለሁ፤ ቅንድቤ ሳይቀር። ልጄ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ማታ መጥታ አየች። እሷ አልሳቀችም። "እማዬ፣ ይህ እኮ ዱቄት አይደለም። ሳንባ ከገባ አይወጣም" አለችኝ። ልክ ናት። ሆኖም እንደዚያ በአስተማሪ ድምፅ ልትናገረኝ አይገባም ነበር።

ቅዳሜ 8

የመቃብር ሐውልት የሚሠራው ሰውዬ ዘንድ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ በር የሚያህል መጋዝ አለው። ድንጋዩን እጁ ላይ አገላበጠና፣ "ማን ነው የሚቆርጠው፣ እትዬ?" አለኝ።

"እኔ ነኛ።"

እጄን አየ። ስለ አርባው ድርብ ጨርቅ ነገርኩት። ከመደርደሪያ ሥር ትንሽ መጋዝ ጎትቶ አወጣ። የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ክብ ምላጭ አላት፤ ቀጭን ናት፣ ከሥሯ የውሃ ገበቴ አለ። ጥርስ ግን የላትም። የተሳለቀብኝ መሰለኝ።

"ጥርሷ ጠርዟ ላይ የተጣበቀው የአልማዝ ብናኝ ነው" አለ። "አትነክስም፣ ትፍቃለች። በዚያ በትልቁ ብቆርጥልዎ ድንጋይዎን ግማሹን ጭቃ ያደርገዋል። ለዚህ የምትሆነው ይቺ ናት። ውሃው አይጉደል፣ ድንጋዩ መያዣው ሞርሳ ላይ ጥብቅ ይበል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አይግፉት። ድንጋዩ ራሱ ይምጣ።"

በለውጡ ወፍራም የሸራ ሽርጥ እሰፋለታለሁ። ወገቡን በዓይኔ ለክቼ መጣሁ።

ማክሰኞ 11

መጋዟን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተከልኳት። ጭንብል አፌ ላይ፣ መነጽር ዓይኔ ላይ፣ ቦቲ እግሬ ላይ። የመጀመሪያው ድንጋይ ዐርባ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ አልገፋሁትም።

ድንጋዩ ላይ ስስ መስመር ይታያል። ጨርቅ በዘሃው፣ በቁመት ክሩ ማለት ነው፣ እንደሚቆረጥ መስመሩን ተከትዬ ቆረጥኩ። ሲከፈት ሳህን ያጠብኩበት ውሃ ይመስላል። አመድማ፣ ባዶ። ምንም ሳልናገር ለባለቤቴ ሰጠሁት። መስኮቱ ዘንድ ወስዶ ግራ ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ብዙ ቆየና፣ "ቀይ መስመር አለው። ያምራል" አለኝ።

ቀይ የለውም። ሊያጽናናኝ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ማንም አጽናንቶኝ አያውቅም፤ አስፈልጎኝም አያውቅ። አኮረፍኩ።

ረቡዕ 12

ላይኛዋ ወረደች። ከእኛ በላይ የምትኖረው ማለቴ ነው፤ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆና ጡረታ የወጣች ናት። የመጋዙ ድምፅ ጥርሷ ውስጥ ገብቷል። ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ብቻ እንድቆርጥ ተስማማን። ስትወጣ የምስክር ወረቀቴን ቆም ብላ አነበበችው።

"እዚህ ስህተት አለ። «ቆራጭ» ነው መሆን ያለበት" አለች።

"ዐውቃለሁ" አልኳት።

"እያወቁ ሰቀሉት?"

ይህች ሴት በሕይወቷ አንድ ሰው አሞግሳ አታውቅም፤ እምላለሁ።

እሑድ 16

ዛሬ ኮርቻለሁ፤ ዘርዝሬ ልጻፈው።

ያን ባዶ ድንጋይ ሦስት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ሳየው ከረምኩ። ፊቱ ባዶ ነው፤ ጠርዙ ላይ ግን መስመር በመስመር ነው። ጥቅል ጨርቅ ከጎኑ ሲያዩት ድርቡ እንደሚታየው ማለት ነው። ለካስ ከላይኛው ድርብ ላይ ነው የቆረጥኩት። ድንጋይ በዘሃው አይቆረጥም፤ ዘሃውን አቋርጦ ነው። ይህን ሐውልት ሠሪው አልነገረኝም፣ ልጄም አልነገረችኝም። ራሴ ደረስኩበት።

ትናንት ሁለተኛውን አቋርጬ ቆረጥኩ። ለሁለት ተከፈለ። ነጭ፣ ቀጥሎ ቡና ዓይነት፣ እንደገና ነጭ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ፤ አንዱ መስመር ከሌላው ጋር አይነካካም። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ውሃው እየተንጠባጠበ ይዤለት ሮጥኩ።

"ምን ምን ይታይሻል?" አለኝ።

"ነጭና ቡና ዓይነት፣ እየተፈራረቀ።"

መስኮቱ ዘንድ አስጠግቶ አየው። "እውነትሽን ነው። ነጭና ቡና ዓይነት" አለ። ፊቱ በርቶ ነበር። «ያረጋገጠው» ከሚለው ሥር የእሱን ስም አስገባሁ። መዝገብ ያለ አረጋጋጭ አይዘጋም።

ሐሙስ 20

አራት ተቆረጡ። አንዱን ጭንብሌን ሳላወልቅ፣ ሳልናገር ሰጠሁት፤ "ቀዩ ደስ ይላል" አለኝ። ወተትና ጥቁር ነው። የሳሎኑ መጋረጃ ቀይ ስለሆነ ጥላው ያረፈበት ይሆናል። የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ያን ቀለም መምረጥ አልነበረብኝም። የቀሩትን ሦስቱን ልክ ነው ያለው።

ዛሬ አንዱ ካልሲው ሰማያዊ፣ ሌላው ጥቁር ነው። ስነግረው "ፋሽን ነው" አለኝ። ዱሮም ዝንጉ ነው።

ሰኞ 24

ባለቤቴ ጋዜጣ ማንበብ ተወ። "ወሬው ሁሉ አንድ ነው" ይላል። እውነቱን ነው።

ጠዋት መስቀያው ላይ ያለውን ካፖርቴን "እንዴት አደርሽ?" ሲለው ሰማሁ። እየተጫወተብኝ ነው። እኔም ከኋላው "ደህና፣ አንተስ?" አልኩት፤ ሁለታችንም ሳቅን።

አንድ ጣሳ እንኳ አልጨረስኩም። በቀን ሁለት ሰዓት ምን ይሠራበታል? ሐኪሙ ወራት ብሏል። ስንት ወራት እንደሆነ ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ያን ዕለት ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

አርብ 28

ምላጯ ተጣመመች። ጥፋቱ የኔ ነው። አምስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ድንጋዩ አላልቅ አለኝ፤ ትንሽ ብቻ ተጫንኩት። ባለቤቴ ከሳሎን ሶፋው ላይ ሆኖ "ገፋሽው" ብሎ ጮኸ። ምኑን ያውቃል ብዬ አንድ ጊዜ ጨመርኩ። ድንጋዩ ሞርሳው ውስጥ ዞረና ምላጯን ነከሳት።

አዲስ ምላጭ ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐውልት ሠሪው ስድስት ቀን አለኝ። "አይግፉት ብዬ ነበር" አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ 30

ሥራ የለም፤ ሰው የሚያወራውን እሰማለሁ። ልጄ ሐሙስ አባቷን ወደ ሐኪሙ ይዛው ሄዳ ነበር፤ ደህና ነው አሉኝ። ዛሬ በረንዳው ላይ ልብስ ሳሰጣ ውስጥ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

"አባዬ፣ ንገራት እንጂ።"

"ድንጋዮቿን ትጨርስ።"

"እስከ መቼ?"

"ትጨርስ አልኩሽ እኮ።"

ገባኝ። ላይኛዋ አሁን ደግሞ ለልጄ አቤት ብላለች። አንድ ሕንፃ ሙሉ አንዲት ስኒ ማስቀመጫ የምታህል መጋዝ መቻል አቃተው። ባለቤቴ ግን ለእኔ ቆመልኝ፤ ለዚህ ነገ ጥሩ ምሳ ይገባዋል።

ሐሙስ 4

ምላጯ መጣች። ሁለት ቆረጥኩ። አልገፋሁም። ባለቤቴ ሻይ ሲቀዳ ስኒውን ስቶ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰው። አበስኩት።

እሑድ 14

ተራው የዳኛው ነው።

ዳኛው በር ማስቆሚያችን ነው። ርዝመት 14፣ ወርድ 9። እንደዚያ ያልነው በሩ ሥር ተጎልቶ ገቢ ወጪውን ስለሚያይ ነው። ልጃችን የተወለደች ዕለት ባለቤቴ ሩቅ መንገድ ላይ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን አቧራ ለብሶ ደረሰና ጨርቅ የጠቀለለ ነገር እቅፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ሐር መስሎኝ ፈታሁት። "ላራስ ድንጋይ ይመጣል?" ብዬ አንድ ወር አኮረፍኩት። "ውስጡን ብታዪው" ይለኝ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት በሩ ሥር ተቀመጠ፣ እኔም ሃያ ስድስት ዓመት በእግሬ እየገፋሁት አለፍኩ።

ምላጯ ግማሽ ወርዱን ብቻ ነው የምትደርሰው። ስለዚህ ከዙሪያው እየቆረጡ መሃል ላይ መገናኘት ያስፈልጋል። ምልክቱ የክር ያህል ቢዛነፍ ፊቱ ደረጃ ይሠራል። የልብስ ጠመኔ ውሃው አጠበብኝ። በልጄ የጥፍር ቀለም ክር አስደግፌ አሰመርኩት። የጀመረበት ቦታ ላይ ሲዘጋ አንድ ጥፍር አልተዛነፈም። እንዲህ የሚያሰምር ካለ ይምጣ።

ረቡዕ 17

ሦስት ጠዋት ፈጀ። ዛሬ ጠዋት መሃሉ ላይ የጣት ያህል የቀረውን በመሮ ቀስ ብዬ መታሁት፤ ለሁለት ወደቀ። ደረጃ የለውም። ጣቴን ባሳልፍበት አልተደናቀፈም።

ዙሪያው ግራጫ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ሰማያዊው እየደበዘዘ ነጭ ይሆናል፣ እንደገና ይደምቃል። አሥራ ዘጠኝ ድርብ ቆጠርኩ። መሃሉ ዋሻ ነው፤ ዋሻው ውስጥ እንደ ስኳር የሚያበራ ጥርስ ጥርስ ነገር። ሃያ ስድስት ዓመት በእግሬ የገፋሁት ይህንን ነው። አለቀስኩ፤ መዋሸት አያስፈልግም።

ማውራት ስላቃተኝ ዝም ብዬ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። "ዳኛው ነው" አለ ወዲያው፣ በክብደቱ። መስኮቱ ዘንድ ወሰደው። አስጠጋው። ብዙ ቆየ።

"ቀዩ ማለቂያም የለው" አለኝ።

መጋረጃውን ትናንት አውልቄ ለማጠብ ዘፍዝፌዋለሁ። መስኮቱ ባዶ ነው።

እሺ ብዬ ወጣሁ። ማጠቢያው ክፍል ገብቼ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩና ይህን መዝገብ ከመጀመሪያው ገለጥኩት። የነገርኩትን ሁሉ ልክ ብሏል። ያልነገርኩት ሦስት ነው፤ ሦስቱንም ቀይ ብሏል። ካልሲው። ጋዜጣው። ካፖርቱ። ሻዩ። «ንገራት እንጂ።» ሁሉንም በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። ጨርቅ ላይ ቢሆን እንዲህ ያለ ቀዳዳ ከአሥር እርምጃ አየው ነበር።

ሐሙስ 18

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት።

አልካደም። "ጥላ ጥላ ይታየኛል። ብርሃንና ጨለማ እለያለሁ። መልክ ግን... አንቺን ነው መጨረሻ ጥርት አድርጌ ያየሁት። ኩሽና ውስጥ፣ ነጭ ሆነሽ፣ ቅንድብሽ ሳይቀር።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ታቆሚያለሽ።"

ተናደድኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድም የሐሰት ፊርማ ያላስገባሁ ሴት፣ አሥራ ሰባት ድንጋይ ባላየ ሰው አረጋግጫለሁ። ይህንኑ ነገርኩት፤ ጮክ ብዬ። ልብ ብሎ ሰማኝና፣ "ማን ነው አላረጋገጠም ያለሽ?" አለ። "አምስተኛው መሃሉ ክፍት አልነበረም? ድምፁ ቀጠነ። ዘጠነኛው ሊያልቅ ሲል አሸዋ አላገኘሽም? ተንሿሿ። ስትገፊው ገፋሽው አላልኩሽም? ግሬደር ሠላሳ ዓመት የነዳሁት በዓይኔ ብቻ መሰለሽ? ምላጩ ምን እንደነካ የሚነግረኝ ጆሮዬ ነው።"

መዝገቡን ገለጥኩት። አምስተኛው፣ «መሃሉ ክፍት»። ዘጠነኛው፣ «ጫፉ አሸዋማ»። አልነገርኩትም ነበር።

"ቀይ ቀይ ያልከውስ?"

አፈረ። "ድንጋይ ለቃሚ ሁሉ የሚመኘው ቀይ ነው። አንዱ እንኳ ይሆናል ብዬ ነዋ።"

ዳኛውን አምጥቼ እቅፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ሌባ ጣቱን ይዤ ከዳር ጀመርኩ። ግራጫ። ሰማያዊ። የደበዘዘ ሰማያዊ። ነጭ። አሥራ ዘጠኙንም አንድ በአንድ፣ ልኬት እንደምናገር አድርጌ። ዋሻው ጋ ስንደርስ ትንሿን ጣቱን አስገባና ጥርስ ጥርሱን ዳሰሰው።

"ላራስ የማይመጣ ነገር ነው?" አለኝ።

"ይመጣል" አልኩት።

አርብ 26

አሁን አሠራራችን እንዲህ ነው። እሱ ከጣሳው በእጁ እየመዘነ ይመርጣል፤ እኔ እቆርጣለሁ፤ እሱ በርጩማው ላይ ከበሩ ውጪ ተቀምጦ ያዳምጣል። ሲከፈት ቀለሙን እነግረዋለሁ። ማጽናናት የለም። አስቀያሚውን አስቀያሚ እለዋለሁ። ሦስተኛው ጣሳ ላይ ነን።

ዛሬ የመረጣት እንቁላል የምታህል ናት። ሰው አንሥቶ የሚጥላት ዓይነት። አጥቤ ስከፍታት አፌን ሳልከፍት ከውጭ፣ "ቀይ ናት" አለ፤ በራሱ እየሳቀ።

ደግሜ ውሃ ውስጥ ነክሬ አወጣኋት።

"ልክ ነህ" አልኩት።

"ተይ እንጂ። አታባብዪኝ።"

"ከዳር እስከ ዳር ቀይ ናት። መሃሏ ላይ አንድ ነጭ ክር አላት።"

"አላባብልህም ብለሽ ነበር" አለ። ቅር አለው። ፊቱን አዞረ። ብምልለትም አላመነኝም፤ ልጄን ብጠራት እሷንም አያምናት። ልጁ ናት።

ሽርጤን ሳልፈታ፣ በቦቲዬ፣ ደረጃውን ወጥቼ የላይኛዋን በር አንኳኳሁ። አምስት ሰዓት አልፏል እንዴ ብላ ሰዓቷን አየች። እባክዎ ይውረዱና አንድ ነገር ይዩልኝ አልኳት። መነጽሯን አድርጋ ወረደች። ድንጋዪቱን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ አገላበጠቻት፤ መነጽሯን አውልቃ ጠርጋ ደግማ አየች። ባለቤቴ አንገቱን ወደ ድምፁ አዙሮ ይጠብቃል። ትንፋሹ ይሰማኛል።

"ምን እንድል ነው የፈለጋችሁት?" አለች።

"ያዩትን ብቻ" አላት።

"ቀይ ነው" አለች። "መሃል ላይ ነጭ ክር አለው። ሌላ ስህተት አላየሁበትም።"

ባለቤቴ ቀና ብሎ ተቀመጠ። እጁን ዘረጋ፣ ድንጋዪቱን እጁ ላይ አስቀመጠችለት፤ ጨብጦ በአውራ ጣቱ ዳበሳት። ላይኛዋ ስትወጣ የምስክር ወረቀቴ ዘንድ ቆም አለች። የምትለውን ጠበቅሁ። ዛሬ ምንም አላለችም።

ርዝመት 6፣ ወርድ 4። ቀለም፣ ቀይ።
ቆራጭ፣ እኔ።
ያረጋገጠው፣ እሱ።